በሰም የታሸገው ቁልፍ

የመኪናችንን ሪሞት ባትሪ የምቀይረው እኔ ነኝ። ባለቤቴ ሾፌር ነው፤ ጎማ ይፈታል፣ ሞተር ሥር ተንጋሎ ይውላል፤ ያቺን የሳንቲም ያህል ባትሪ ሲያይ ግን እጁ ይተሳሰርበታል። አንድ ቀን ሪሞቱን በቢላ ሊከፍት ሲታገል ጠርዙን ሲጎርደው አይቼ ቀማሁት። ከዚያ ወዲህ መብራቱ መድከም ሲጀምር አምጥቶ እጄ ላይ ያስቀምጠዋል። እኔም ከሰዓት ጠጋኙ ባትሪ ገዝቼ እመጣና ጠረጴዛው ላይ ነጭ ፎጣ አነጥፋለሁ። መጀመሪያ ሪሞቱ ሆድ ውስጥ የተሸሸገችውን ቀጭን የብረት ቁልፍ ስቤ አወጣለሁ፤ ከዚያ በጥፍሬ ፈልቅቄ እከፍተዋለሁ። አዲሱን ባትሪ በጨርቅ ይዤ ነው የማስገባው፤ ሰዓት ጠጋኙ የጣት ወዝ ዕድሜውን ያሳጥረዋል ብሎኛል። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። ባለቤቴ ሥራው እስኪያልቅ አጠገቤ ቆሞ ያያል፤ ሪሞቱ ቀጭ ብሎ ሲገጥም "አንቺ ባትኖሪ" ይላል። ሁልጊዜ እዚያ ላይ ያቆማል፤ ጨርሶት አያውቅም።

ይህን የማወራው ራሴን ለማሞገስ አይደለም። ኋላ ላይ ለምን እንደዚያ እንደነደድኩ እንዲገባችሁ ብዬ ነው።

መኪናዋን ስንገዛት ያገለገለች ነበረች፤ ቁልፏም አንድ ብቻ። ላሊበላ ውስጥ ለእንደዚህ ዓይነት መኪና ቁልፍ የሚያወጣ ሰው የለም። ብረቱን ሞርዶ ማመሳሰል ቀላል ነው፤ መኪናዋ ግን የማታውቀውን ሪሞት አትቀበልም። በኮምፒውተር የሚያስተዋውቃቸው ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ለዚያ ደግሞ መኪናዋን ይዞ እስከ አዲስ አበባ መሄድ ነው። ልጆቻችን የሚበሉትም የሚማሩትም በዚህች መኪና ነው። "ሁለተኛ ቁልፍ አሠራ" እለዋለሁ፤ "ይደርሳል" ይለኛል። "ብትጠፋስ?" ስለው "አትጠፋም" ይላል። ስጨቀጭቀው ኖሬ ኖሬ ሲሰለቸኝ የጃኬቱን ውስጥ ኪስ ዚፕ ሰፋሁለት፤ ቁልፏን ከዚያ ውጭ እንዳያስቀምጥም አስማልኩት።

ባለፈው ዓመት ነው፣ ገና ሲቃረብ። ከዚያ በፊት የውጭ እንግዳ ከአገር ጠፍቶ ስለነበር ባለቤቴ የአገሬውን ሰው ሲያመላልስ ነው የከረመው። ያን ሰሞን አንድ የድሮ ደንበኛ ደወለና አራት የውጭ እንግዶች በአውሮፕላን እንደሚገቡ፣ ስድስት ቀን ይዟቸው እንደሚዞር ነገረው። ቤታችን የሠርግ ቤት መሰለ። የእንግዶቹ መምጫ ዋዜማ ግን ባለቤቴ ከቤት አልነበረም፤ ቀደም ብሎ ቃል የገባላቸውን ሰዎች ፍላቂት ሊያደርስ ሄዶ እዚያው አድሯል። ጠዋት ሲመለስ ለቁርስ ጋሸና ቆመ።

ሦስት ሰዓት ላይ ደወለልኝ። ቁልፉ ጠፋ አለኝ። ደህና አድርገህ ፈልገው ስለው፣ የገባበትን ያውቃል፣ የገባበት ግን የሚፈለግበት ቦታ አይደለም አለኝ። ቀስ በቀስ አወጣጣሁት። ከምግብ ቤቱ ጓሮ ያለው መጸዳጃ ጉድጓድ ጥልቅ ነው። ቁልፏ በጃኬቱ ሳይሆን በሱሪው የኋላ ኪስ ነበረች። ሌላውን መናገር አላስፈለገውም። ልጮህበት አፌን ስከፍት ቀደመኝና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አባ ዘንድ ሌላ ቁልፍ አለ፣ እሱን ተቀብለሽ ቶሎ ነይልኝ አለኝ።

"ሌላ ምን?" አልኩት።

"ሌላ ቁልፍ። ቆይቷል፣ አራት ዓመት ይሆነዋል" አለና ስልኩ ተቆረጠ።

ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ። እግሬ ይሄዳል፤ ልቤ ግን እዚያው ስልኩ ላይ ቀርቷል። አራት ዓመት ሙሉ ቁልፍ አሠራ እያልኩ ስለምነው፣ ዚፕ ስሰፋ፣ ሳስምለው፣ ቁልፉ ነበር። ሲሰማኝ ምን ይል ነበር በሆዱ? ይስቅብኝ ነበር?

አባ የሁለታችንም የንስሐ አባት ናቸው። ያጋቡን እሳቸው፣ ልጆቻችንን ያጠመቁ እሳቸው። ቤታቸው ወደ አሸተን በሚያስወጣው መንገድ ላይ ነው። ስደርስ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ዳዊት ይደግማሉ። ዳዊት የሚደግም ሰው አይቋረጥምና እዚያው ቆሜ ተቃጠልኩ። የጀመሩትን እስኪጨርሱ ከአንድ እግሬ ወደ ሌላው ስቀያይር በመነጽራቸው ላይ አሻግረው ያዩኛል፤ አይቸኩሉም። ሲጨርሱ መጽሐፉን ስመው ዘጉት፣ መስቀላቸውን አሳለሙኝ፣ የልጆቹን ደኅንነት ጠየቁኝ። የመጣሁበትን ነገርኳቸው።

"አዎ፣ አለ" አሉና አጠገባቸው ያለውን ማኅደር፣ ዳዊታቸውን የሚከቱበትን የቆዳ ቦርሳ፣ መታ መታ አደረጉት። እጃቸውን ከተው አንድ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ቢጫ ነው፤ የጧፍ ሰም ነው። ልቀበላቸው ሁለት እጄን ዘረጋሁ። አልሰጡኝም።

"'በእጄ ካልሆነ ለማንም አይስጡብኝ፤ ለባለቤቴም ቢሆን' ብሎኛል" አሉ። "እሺ ብዬዋለሁ።"

ለባለቤቴም ቢሆን። ቃሉ ጆሮዬ ላይ ቀረ። ስልኬን አውጥቼ ደወልኩለት፤ ደግነቱ አነሳ። አባ፣ እኔ ነኝ፣ ይስጧት፣ ነገ እንግዳ አለብኝ እያለ ሲለምናቸው ስልኩን ጆሯቸው ላይ ይዤላቸው ቆምኩ። በጥሞና ሰሙት፤ ጤናውን ጠየቁት፤ ብርዱ እንዴት ነው አሉት። ከዚያ ስልኩን በእጃቸው ገፋ አደረጉና፣ "ድምፁ የእሱ ነው። እጁ ግን እዚህ የለም" አሉኝ።

አሁን ሳስበው አፍራለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ደሜ ፈልቶ ነበር። "አባ፣ እኔ ሌባ ነኝ?" አልኳቸው። እንደዚያ ዓይነት ድምፅ ለእሳቸው አውጥቼ አላውቅም። አልተቆጡም። ሌባ ነሽ አላልኩም፣ አደራ ነው ያልኩት አሉና ቁልፏን መልሰው ማኅደሩ ውስጥ ከተው፣ ማኅደሩን ትከሻቸው ላይ አንግተው፣ ዘንጌን አቀብዪኝ አሉኝ። ወዴት ሊሄዱ ነው ብዬ ግራ ገባኝ። ጋሸና ነዋ፣ እጁ ወዳለበት፣ አሉ። ከሰማንያ ያለፉ ሰው ናቸው፤ ከመቅደስና ከቤታቸው በቀር መንገድ ከወጡ ስንት ዘመናቸው ነው። መኪና ውስጥ ራሳቸውን ያዞራቸው ይሆናል፣ ብርዱ ይጎዳቸዋል ብዬ ለመንኳቸው። ቁልቁለቱን ጀመሩት፤ ተከትያቸው ወረድኩ።

ሚኒባሱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ መስቀል እየተሳለመ ቦታ ለቀቀላቸው። ከሾፌሩ ጀርባ መስኮቱ ጋ ተቀመጡ፤ እኔን አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ማኅደሩን በሁለት እጃቸው ጭናቸው ላይ ይዘውታል። የእኔ አእምሮ ግን ክፉ ክፉውን ነው የሚያወጣው። አሥራ አራት ዓመት በትዳር ኖሬ የመኪና ቁልፍ የማልታመንበት ምን አድርጌ ነው? ጥዬው የምሄድ መስሎት ይሆን? ወይስ ሌላ ቤት አለው? ባትሪውን ስቀይር አጠገቤ ቆሞ የሚያየኝ እጄን ሲጠብቅ ኖሯል ማለት ነው? እንዲህ እንዲህ እያልኩ ግማሽ መንገድ ሄድኩ። እንባዬ ሲመጣ ፊቴን ወደ መተላለፊያው አዞርኩ።

አባ ያዩኝ አይመስለኝም ነበር። ድንገት፣ ሰሙን ለምን እንዳለበስኩት ታውቂያለሽ? አሉኝ። አላውቅም አልኩ። ባለቤቴ ቁልፉን ሲያስረክባቸው፣ እንዴት እንደሚሠራ ሊያሳያቸው ከግቢው ማዶ ሆኖ ሪሞቱን ተጭኖት ነበር፤ መኪናዋ ሰው ሳይነካት ዓይኗን አበራችና ተከፈተች። እሳቸው ገረማቸው። ያ ሰሞን ደግሞ ጦርነቱ ወደ እኛ ሳይደርስ ወሬው የቀደመበት ክፉ ጊዜ ነው። ባለቤቴ መኪናዋን ኩልመስክ አጠገብ አክስቱ ግቢ ወስዶ የጭድ ክምር ሥር ቀበራት፤ እሱ ከሌሎች ወንዶች ጋር በእግሩ አገር ለቆ ወጣ። አባ ታዲያ ቁልፏን ይዘው ቀሩና ሥጋት ገባቸው። በእሳቸው ቤት ሪሞቱ የትም ቢሆን መኪናዋን ይጠራል። ቤታቸው አይጥ አለ፤ አይጥ ብትረግጠው ኩልመስክ ጭድ ውስጥ ያለችው መኪና ዓይኗን ታበራለች፣ ትከፈታለች፣ ሰው ያያታል፣ አክስትየዋ ያልቅላታል። ስለዚህ ከኩታቸው ጫፍ ቀደው ጠቀለሉት፤ የጧፍ ሰም አቅልጠው ሦስት ጊዜ ነከሩት። ማንም ጣት እንዳይጫነው።

ሳቅ አመለጠኝ። እሳቸውም ሳቁ፤ ኋላ አንድ አስተማሪ ሪሞቱ ከሃምሳ እርምጃ በላይ እንደማይሠራ ነግሯቸው ነበር፤ ሰሙን ግን አላነሱትም። እንደተቀበልኩት ላስረክበው ብዬ ነው አሉኝ።

ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"'እኔ ከሞትኩ ለእሷ ይስጡልኝ' ብሎኛል። አራት ዓመት ሙሉ፣ ይህችን ቁልፍ በእጅሽ እንዳላኖር ስጸልይ ነው የኖርኩት። አሁን አልሰጥሽም ስልሽ የተቀየምሽው ለዚህ ነው?"

እጃቸውን ስቤ ሳምኩት። የቁጣዬ ግማሽ እዚያው ሚኒባስ ውስጥ ወረደልኝ። ግማሹ ግን አልወረደም። ለእኔ ያሰበልኝ ከሆነ ለምን ደበቀኝ? ጠየቅኳቸው። እሱን ራሱን ጠይቂው አሉኝ፤ የንስሐ አባት ከዚያ በላይ አይናገርም።

ጋሸና ስንደርስ ከሰዓት ሆኗል። ነፋሱ ሰው ይገፋል። ባለቤቴ ከቆሙት ከባድ መኪኖች መሐል ጃኬቱን እስከ አንገቱ ዘግቶ መኪናችን ላይ ተደግፎ ቆሟል። አባን ከሚኒባሱ ሲወርዱ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ፤ እኔን ብቻ ነበር የጠበቀው። ሮጦ ጉልበታቸው ላይ ወደቀ። አባ ማኅደራቸውን ከፍተው ሰም የለበሰችውን ቁልፍ አወጡና እጁን አስዘርግተው መዳፉ ላይ አኖሯት።

"ከእጅህ ተቀብዬ ነበር፤ ይኸው ወደ እጅህ" አሉት። "አደራህን ተረከበኝ።"

የምግብ ቤቱ ባለቤት፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ያሰረች የወሎ እመቤት፣ ከጠዋት ጀምሮ ሻይ ስታጠጣው ነው የዋለችው። ቢላ አመጣችለት። እንደ ልማዱ ሲታገል ቀማሁትና ሰሙን በጥፍሬ ላጥኩት። ከሥሩ የአባ ኩታ ቁራጭ አለ፤ ከዚያ ውስጥ አዲስ የሚያብረቀርቅ፣ ጭረት የሌለበት ሪሞት ወጣ። ባለቤቴ ተጫነው። ምንም የለም። ደግሞ ተጫነው፤ መኪናዋ ቀረብ ብሎ ተጫነው። ሴትዮዋም እኔም መኪናዋን አየን። ፊቱ አመድ ሆነ፤ የነገዎቹ እንግዶች ዓይኑ ላይ መጡበት።

"በእኔ ሰም ነው?" አሉ አባ። እንደዚያ አነስ ያለ ድምፅ ከእሳቸው ሰምቼ አላውቅም።

"የለም፣ አባ" አልኳቸው። ባትሪ ቁጭ ብሎም ያልቃል፤ አራት ዓመት ለባትሪ ሽምግልና ነው፤ ሰሙማ ውኃ እንዳይነካው ጠበቀው እንጂ ምን አደረገው። የምናገረው እውነት ስለነበር ደስ አለኝ። ከሪሞቱ ሆድ የብረት ቁልፏን ስቤ አወጣሁና የሾፌሩን በር ከፈትኩ። መኪናዋ ሌባ የገባባት መስሏት በጥሩንባ አገር አሸበረች፤ ጋሸና በሙሉ ወደ እኛ ዞረ። ባለቤቴን ገብተህ ፍሬን ያዝ አልኩት። ያዘ። ሪሞቱን ከማስነሻው በተን ጋር ጀርባውን አስጠግቼ ያዝኩና በዚያው ጫንኩት። ሰዓት ጠጋኙ አንድ ቀን ነግሮኝ ነበር፤ ባትሪው ቢሞትም ሪሞቱ ውስጥ ያለች ትንሽ ነገር በቅርብ ከያዝሻት መኪናዋ ታውቃታለች ብሎ። ሞክሬው ግን አላውቅም ነበር። ጥሩንባው ቆመ፣ ሞተሩ ተነሳ። ሴትዮዋ፣ አብሽሪ፣ አይዞሽ፣ አላልኩሽም? አለችኝ፤ እንደዚያ ባትለኝም እሺ አልኳት።

ከማዶ ካለው የስልክ ጥገና ቤት አንድ ክብ ባትሪ ተገኘ። የሴትዮዋ ጠረጴዛ ላይ ቀየርኩት፤ አባ ከጎኔ ቁጭ ብለው መነጽራቸውን አድርገው ተመለከቱኝ። ሲጾሙ ስለዋሉ ሽሮ በሉና ተነሳን።

መንገድ ስንጀምር አባ ከኋላ ወንበር ጋቢያቸውን ተከናንበው ጋደም አሉ። እኔ ፊት ነኝ። የጋሸናን ሜዳ ጨረስን። ባለቤቴ ነገሩ እንደማይቀርለት ያውቃል፤ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ይጠብቀኛል።

"ለምን ደበቅከኝ?" አልኩት።

ያሠራው ለእኔ ነበር። እንግዶች አዲስ አበባ ያደረሰ ጊዜ፣ ጭቅጭቄ እንዲቆም፣ በድንገት ሊሰጠኝ አሠርቶ በኪሱ ይዞት መጣ። ሳይሰጠኝ ወሬው ደረሰ። መሣሪያ የያዙ ሰዎች በደረሱበት ከተማ ሁሉ መኪናና ቁልፍ እየጠየቁ ቤት ለቤት ይዞራሉ ተባለ።

"ቤት ውስጥ ካለ ያገኙታል" አለኝ። "አንቺ ካወቅሽ ደግሞ ፊትሽ ይናገራል። ውሸት አትችዪም፤ መቼ ችለሽ ታውቂያለሽ? የማታውቂውን ግን ከአንቺ አያወጡትም። እንዳይነኩሽ ብዬ ነው።"

ካለፈስ በኋላ? አልኩት። ካለፈ በኋላም ፈራ። ቁልፉን ከአባ ዘንድ ባወጣ ያ ጊዜ ተመልሶ የሚመጣ መስሎት ነው፤ ሞኝነት እንደሆነ ያውቀዋል። እኔና ልጆቹን ጥሎን መውጣቱ አሁንም ያንገበግበዋል። "ሌሊት እየነቃሁ፣ መጥተው ቢሆን ኖሮስ እላለሁ" አለኝ። "እንኳን አልመጡብሽ።"

እዚህ ላይ ዝም ብል ይሻል ነበር ይሆናል። አራት ዓመት ዝም ብያለሁ። እሱ ከወራት በኋላ አጥንቱ ቀርቶ ሲመለስ፣ ልጆቹን አቅፎ ሲያለቅስ፣ ይህንንማ አልጨምርበትም ብዬ ዋጥኩት። ለእናቴም፣ ለአባም በንስሐ እንኳ አልተናገርኩትም።

"መጥተው ነበር" አልኩት።

መኪናዋን ወደ ዳር አወጣት። ሞተሩን አላጠፋም። ወደ እኔ አልዞረም፤ ፊት ለፊቱን እያየ፣ ስንት ነበሩ? አለኝ። ሦስት ነበሩ፤ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ልጆቹን ጓዳ አስገብቼ በሩ ላይ ቆምኩ። መኪናው የት ነው አሉኝ፤ ባለቤቴ ይዞት ሄደ አልኩ፤ እኔ የማውቀው ያንን ነበር፣ ጭዱንም የነገረኝ ሲመለስ ነው። ትርፍ ቁልፍ አምጪ አለኝ አንዱ። የለንም፣ አንድ ብቻ ነው፣ እኔም ቀን ከሌት የምጨቀጭቀው ስለዚሁ ነው አልኩት፤ ማርያምን አልኩት። አንደኛው ግድግዳው ላይ አስጠጋኝ፤ መሣሪያውን እዚህ አደረገ ብዬ በጣቴ አንገቴን አሳየሁት። በዕድሜ ተለቅ የሚለው ግን ቀረብ ብሎ ቆመ፤ ረጅም ጊዜ አየኝ።

"ከዚያስ?" አለኝ ባለቤቴ። 

"ፊቴን አይቶ፣ 'የላትም' አላቸው። ሄዱ።"

እጁን ከመሪው አንስቶ አንገቴ ላይ፣ ጣቴ ባለበት ቦታ፣ አኖረው። ከኋላችን አባ አልተኙም ነበር፤ ቀስ ብለው አቡነ ዘበሰማያት ሲጀምሩ ሰማኋቸው።